ሁለተኛው ፓምፕ ደህና ነው

ጠዋት ጠዋት መካኒኩ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ረጅሟን ካቻቢቴ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስቶ በነጠላ ጫማው ወደ ጓሮ ይወጣል። ከውሃ ታንከሩ ሥር የተተከለችውን ትንሽ ፓምፕ ያስነሳል፤ የካቻቢቴዋን ጫፍ ከፓምፗ ገላ፣ እጀታዋን ደግሞ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ጋር ያጋጥማል። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ከዚያ ወደ ግራው ያዞራታል፤ እንደገና ሠላሳ።

ፓምፗ ታማሚ ናት። የኋላ ኩሽኔታዋ፣ ዘንጓ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ከተበላ ሁለት ዓመት አልፎታል። በሄደች ቁጥር ቀጭን ፉጨት ታወጣለች። ለእሱ እሷን መፍታትና ኩሽኔታ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሚስቱም ይህን ስለምታውቅ ነው የምትናደደው።

«የፓምፕ መካኒክ ቤት ፓምፕ ሲያፏጭ የሰማ ጎረቤት ምን ይላል?»

«ትንሽ ትቆይ።»

«እኔ ነኝ የማልቆየው። ራሴን እየሰነጠቀችኝ ነው።»

ፉጨቱን ያቆየው ለራሱ ብሎ ነበር። ጆሮውን የሚፈትንባት እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ከመኝታ ቤት ሆኖ ይሰማት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ካጠገቧ ካልቆመ አልሰማ አለ። ቀጥሎ በካቻቢቴ ብቻ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ፓምፗ በአንድ ጀምበር ዳነች፤ ወፍራሙ የሞተር ጉርምርምታ ብቻ ቀረ። ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ታማርራለች።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ለማን ይናገራል? የሥራ ባልደረቦቹ በስሙ ከጠሩት ዘመን አልፏል፤ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየውሃ ጣቢያውና በየፋብሪካው እየዞረ የታመመ ፓምፕ ሲያዳምጥ ኖሯል። ካዳመጠ በኋላ ከኪሱ ጠመኔ ያወጣና በፓምፑ ገላ ላይ አንዲት ቃልና ቀኑን ይጽፋል፦ «ደህና» ወይም «ይከፈት»። ሌላ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። መሥሪያ ቤቱ አንድ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ ነበረው፤ ከመኪና ወድቆ ለጥገና ከተላከ ወራት ቢያልፉም የፈለገው ሰው አልተገኘም። ጋሽ ጆሮ እያለ መለኪያ ምን ሊያደርግ።

አንድ ቀን ከሹፌሩ ጋር የተላከበት ጣቢያ የአራት ሰዓት መንገድ ነበር። ሹፌሩን «ደርሰናል» ይሉታል፤ ከመነሻው ስንት ቀረን ብሎ የጠየቀውን ሁሉ ደርሰናል ስለሚል። ዘጠኝ ዓመት አብረው ዞረዋል። መካኒኩ ጉልበቱን እያሸ ከፊት ተቀምጧል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከጉልበቱ ሌላ ወገቡም፣ ከወገቡ ሌላ ትከሻውም ከመኪናው ጋር አብረው ይንቋቋሉ።

አለቃው መንገድ ላይ ደወለለት። ድሮ መፍቻ ሲያቀብለው የኖረ ልጅ ነው፤ አሁን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ነገሩን ታውቀዋለህ። አንደኛው ፓምፕ ተፈቷል። መለዋወጫው የሚደርሰው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ሁለተኛው እስከዚያ ብቻውን ይችለዋል ወይስ አይችለውም? አንድ ቃል ብቻ በለኝ፤ እኔ ያንተን ቃል ይዤ እተኛለሁ።»

«አዳምጬ እነግርሃለሁ» አለው።

ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ በሽቦ አጥር የተከበበ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ሁለት ፓምፖች ጎን ለጎን ተተክለዋል። አንደኛው ሆዱ ተከፍቶ፣ ዕቃው በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ሁለተኛው እየሄደ ነው። ወለሉ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የግፊት መለኪያ ጠቋሚም አብሮ ይርገፈገፋል። ኦፕሬተሯ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ ስትነጋገር ስለኖረች ውጭ ወጥታም ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አትችልም።

«እንኳን መጡ ጋሼ። ከሐሙስ ጀምሮ ድምፁ ተለውጦብኛል።»

«እንዴት ተለወጠ?»

«እንዴት ልበልዎት… ድሮ አንድ ወጥ ነበር። አሁን ከላዩ የሆነ ነገር አለበት። ቀጭን ነገር።»

ካቻቢቴዋን አውጥቶ ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ጥርሱን ነከሰ። በውጭ በኩል ያለውን ኩሽኔታ አዳመጠ፤ በሞተሩ በኩል ያለውንም አዳመጠ። ወፍራሙ ጉርምርምታ ሙሉና ክብ ሆኖ ወደ አጥንቱ ገባ። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ፓምፑ ደህና ስለሆነ ይሁን ጆሮው ስለሞተ፣ ከውስጥ ሆኖ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መዳፉን በኩሽኔታው ቤት ላይ አኖረ። ሞቅ ይላል፤ የሚሠራ ኩሽኔታ ሁሉ ሞቅ ይላል።

«ጎረቤቱ ስለቆመ ነው» አላት እየተነሳ። «ሁለቱ ሲሄዱ አንዱ የአንዱን ድምፅ ይሸፍናል። ብቻውን ሲቀር የማይሰማው ሁሉ ይሰማል።»

እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜም አጋጥሞት ያውቃል። ስለዚህ ሲናገረው አልተደናቀፈም።

ኦፕሬተሯ ፓምፑን አየት አደረገችና ወደ እሱ ዞረች። «እርስዎ ካሉ» አለች።

ጠመኔውን አውጥቶ «ደህና» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑንም አስከተለ። ለአለቃው ደውሎ ሁለተኛው ፓምፕ ደህና ነው አለው። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልፈጀም።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ሻይ ለመጠጣት ቆሙ። የመኪና ማቆሚያው ዳር ፕላስቲክ ወንበሮች ያሉበት ቤት ነው። ደርሰናል ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣

«እዚያ ጣቢያ ውስጥ የሚያፏጨው ምንድን ነው?» አለ።

«የቱ?»

«ሲ… የሚለው ነዋ። መኪና ውስጥ ጋደም ብዬ ሬዲዮ ልሰማ ብል አላሰማ አለኝ። መስኮት ዘጋሁ፤ ያው ነው።»

«ሬዲዮህ ይሆናል። እሱ ራሱ ያፏጫል።»

«ሬዲዮውን አጠፋሁት እኮ። አጥፍቼውም ያው ነው። ካጥር ውጭ ሆኜ ጥርሴን አሳከከኝ፤ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ እንዴት እንደቻላችሁት እንጃ።» ዳቦው ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀበት፤ በማንኪያ ማባረር ጀመረ። «ለነገሩ ለምዳችሁት ነው። እኔም የዚህን መኪና ጩኸት አልሰማውም።»

መካኒኩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ሻዩ እላዩ ላይ ስስ ቆዳ እስኪያወጣ አልጠጣውም።

ነገሩን ለማስላት ጊዜ አላስፈለገውም። ኩሽኔታው ከነከሰ ዘንጉን ይዞት ይሄዳል። ዘንጉ ከተቆረጠ ሁለተኛውም ፓምፕ ከአንደኛው ጎን ይተኛል። አዲስ ዘንግ ታዞ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው። ያ ከተማ ሆስፒታል አለው፤ አዳሪ ትምህርት ቤትም አለው። በሌላ በኩል ደግሞ ቢመለስ ምን ብሎ ይመለሳል? ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን የጻፈውን አጥፍቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ደክሞታል። ከመቀመጫው ለመነሳት ራሱ ወንበሩን መደገፍ ያስፈልገዋል። የሰሞኑ ድካም እንቅልፍ የሚያስለቅቀው ዓይነት አልነበረም፤ ተኝቶ ሲነሳም አልጋው ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

«እንመለስ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ጣቢያው። ካቻቢቴዬን ረስቻለሁ።»

ደርሰናል ቀስ ብሎ በአገጩ ወደ መካኒኩ ደረት አመለከተ። «ጋሽ ጆሮ፣ ካቻቢቴህ ኪስህ ውስጥ ናት።»

«ሌላኛዋን።»

«ሌላኛ አለችህ እንዴ? በዘጠኝ ዓመት አስተዋውቀኸኝ አታውቅም።»

«ንዳ እባክህ።»

ደርሰናል ተነሳ። መኪናውን እያዞረ፣ «ስንት ይቀረናል እንዳትለኝ» አለ።

ኦፕሬተሯ ጠረጴዛዋ ላይ ምሳዋን ዘርግታ ነበር። ሲገባ ስታየው ደነገጠችና ክዳኑን ከደነችው።

«ምን ረሱ ጋሼ?»

«ምንም። ነይ እስቲ።» ካቻቢቴዋን አቀበላት። «እጀታዋን እዚህ፣ ከጆሮሽ ኋላ አጥንቱ ላይ አድርጊያት። ጫፏን እኔ በማሳይሽ ቦታ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

«እኔ ማብራትና ማጥፋት እንጂ ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው።»

«እኔ በዓመት ሁለቴ ነው የማየው። አንቺ አሥራ አንድ ዓመት አብረሽው ኖረሻል።»

«ከባሌ ጋር ራሱ ይህን ያህል አልተቀመጥኩም» አለች ካቻቢቴዋን እያገላበጠች።

«ያንኮራፋል?»

«ማን፣ ባሌ ወይስ ይሄ?»

በሩ ላይ የቆመው ደርሰናል ሳቀ። እሷ ግን እየተንበረከከች ነበር። መካኒኩ ጫፏን በውጭ በኩል ባለው ኩሽኔታ ላይ አስቀመጠላት።

«እዚህ ምን ትሰሚያለሽ?»

«እምም… ያ የድሮው ነው። ወጥ ነው።»

«አሁን ወደ ሞተሩ በኩል።»

ጫፉ ገና ከብረቱ ሳይረጋ ራሷን ሸሸት አደረገች። እንደገና አስጠጋች።

«ይሄ ነው። ያልኩዎት ይሄ ነው።»

«ምን ይመስላል?»

«በቆርቆሮ ላይ ደቃቅ አሸዋ ሲጎትቱ።»

«ሳያቋርጥ ነው?»

«አያቋርጥም፤ ግን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አሁን ከፍ አለ።» ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ አይሰማዎትም እንዴ?»

«አይሰማኝም» አላት።

ሞተሩ እያጉረመረመ ስለሆነ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ደርሰናል ከበሩ መቃን ላይ ትከሻውን አነሳ። ኦፕሬተሯ ካቻቢቴዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና በሁለት እጇ መለሰችለት። እንደ ጉንፋን ያለ ቀላል ነገር የሰማች መስላ፣

«እንግዲህ ምን እናድርግ?» አለች።

«ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ያደርሳል?»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቆጥበው ከተጠቀሙ እስከ አንድ።»

ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ሆኗል። በጠመኔ የጻፈበትን ቦታ በእጅጌው አሸው፤ ነጭ ጭረት ሆኖ ቀረ። «አጥፊው» አላት።

ፓምፑ እየቀዘቀዘ፣ እየጎተተ ቆመ። ክፍሉ ዝም ሲል ደርሰናል «ውይ፣ ተገላገልኩ» አለና እጁን ወደ ኪሱ ሊከት ሲል መካኒኩ ትልቁን መፍቻ አስጨበጠው። የኩሽኔታውን ክዳን ቡሎኖች ፈቱ። ግራሶው ጥቁር ሆኗል፤ መካኒኩ በሁለት ጣቶቹ መሃል አሽቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብርሃኑ ሲያርፍበት እንደ ተፈጨ መስታወት ብልጭ ብልጭ አለ። ቀለበቱን ነቅለው አጥበው ሲያዩት ሁለት ኳሶች ፊታቸው ተቦድሷል።

«ስምንት ቀን ይሄድ ነበር?» አለ ደርሰናል።

«ሦስትም አይሞላ።»

ከዚያ በኋላ ደርሰናል አልቀለደም።

የተፈታው ፓምፕ ኩሽኔታ ተመሳሳይ መጠን ነው፤ ከተቀየረም ስድስት ወሩ ነው። ኦፕሬተሯ ከዘይት ወረቀቱ ፈታ አውጥታ ኳሶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያንከባለለች አየች፤ ማንም አላዘዛትም። ሻይ በምታፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የዘይት መጥበሻ ጥደው ኩሽኔታውን አሞቁት። ሲሞቅ ብረቱ ሰፋ ስለሚል ዘንጉ ላይ በቀላሉ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ነክሶ ይይዛል። መካኒኩ በጓንት ይዞ ወደ ዘንጉ አስጠጋው። ቀለበቱ አጋድሎ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ደርሰናል ክንዱን ከሥር ደገፈለት። ገባ።

ከወለሉ ሲነሳ በእጁ ፓምፑን ተደገፈ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። ግራሶ ሞሉ፣ ክዳኑን አሰሩ፣ ዘንጉን በእጅ አዙረው ሞከሩት። ኦፕሬተሯ አስነሳችው።

ሳይጠይቃት ካቻቢቴዋን ከጠረጴዛው ላይ ወስዳ ተንበረከከች። በሞተሩ በኩል ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ወደ ውጭው ዞረች፤ እንደገና ወደ ሞተሩ ተመለሰች።

«ወጥ ነው» አለች። «እንደ ድሮው።»

የጣቢያውን መዝገብ ከፍታ ብዕሯን አነሳች። ለመጻፍ ግን አልቸኮለችም። «ጋሼ፣ ‹በምርመራ የተበላ ኩሽኔታ ተገኝቶ ተቀየረ› ብል ይበቃል አይደል? እውነት ነው። ሌላ ማን ምን ይጠይቃል።»

ምን ልታደርግለት እንደፈለገች ገብቶታል። ደርሰናልም ገብቶት መስኮቱን ማየት ጀምሯል። ይበቃል ሊላት አፉን ሲከፍት ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጥሪውን ስለማይሰማ በንዝረት ካደረገው ቆይቷል። አለቃው ነበር። ውጭ ወጥቶ በግራ ጆሮው አስጠጋው፤ የሆነውን ነገረው፤ ፓምፑ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መቆሙን፣ ኩሽኔታው መቀየሩን፣ ፓምፑ መነሳቱን።

«ይሄ ነው ጆሮ ማለት» አለ አለቃው። «ጠዋት ደህና ብለኸኝ ከሰዓት የተጠራጠርከውን ተመለስክበት። ሌላው ቢሆን ቤቱ ገብቶ ነበር። ስማ ጋሼ፣ ሐሙስ ሲሚንቶ ፋብሪካው ስድስት ፓምፕ አለው። ሁሉንም አዳምጠህ አንድ በአንድ ልክ ናቸው በለኝ። አንተ ካልካቸው ሰዎቹ ሌላ ዋስትና አይፈልጉም።»

መካኒኩ ከአጥሩ ሽቦ ላይ እጁን አኖረ።

«አልችልም።»

«ደክሞሃል፣ አውቃለሁ። አርብ ይሁን።»

«አርብም አልችልም። ጆሮዬ ሞቷል። ዛሬ ያገኘችው ኦፕሬተሯ ናት። እኔ ጠዋት ደህና ያልኩህ ምንም ሳልሰማ ነው።»

 የአለቃው ድምፅ ተለውጦ መጣ፤ ድሮ መፍቻ ሲያቀብል የነበረው ልጅ ድምፅ አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፈጽሞ ከጠፋ ሦስት ሳምንት። ከዚያ በፊትም ምሉዕ አልነበረም።»

«በሦስቱ ሳምንት ስንት ፓምፕ ደህና ብለሃል?»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆጥሯቸው ነበር።

«ከዛሬው ሌላ አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት» አለ አለቃው። ወረቀት እያገላበጠ ይሁን ሌላ ነገር እያደረገ፣ መካኒኩ መስማት አልቻለም። «ዝርዝሩን ዛሬውኑ ላክልኝ። የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚያንቀሳቅሳቸው። ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

 አለቃው መልስ ሳይጠብቅ «ደህና ግቡ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ተመልሶ ሲገባ ኦፕሬተሯ ብዕሯን እንደያዘች ነበረች። «በአራት ሰዓት ደህና ተባለ በይ» አላት፤ «ኦፕሬተሯ የድምፅ ለውጥ እንዳለ ነግራ ነበር በይ። ከዚያ የቀረውን ጻፊ።» እሷም ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፈች፤ እሱም ከሥሩ ፈረመ።

መኪናው ውስጥ ደርሰናል ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረለት። መንገዱ ስለሚያንቀጠቅጥ ሲጽፍ ፊደሎቹ ተጋጠሙበት፤ ደርሰናልም ይህን አይቶ ነው መሰል በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ነዳ። አንዳንዱን ጣቢያ ያስታወሰው ሹፌሩ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው እንደነበር፣ ሰባተኛው ላይ ዘበኛው አላስገባም ብሎ አንድ ሰዓት እንዳቆማቸው። ከየፓምፑ ትይዩ የኦፕሬተሩን ስልክ ቁጥር ጻፈ። የሦስቱን አላገኘውም።

የመካኒኩ ሚስት ደወለች። የት ደረሳችሁ ስትለው ደርሰናል ከጎኑ «ገና ሁለት ሰዓት ይቀረናል» አለ፤ እውነትም ሁለት ሰዓት ይቀራቸው ነበር። መካኒኩ ነገ ወደ መስክ እንደማይወጣ፣ ምናልባትም ከዚህ በኋላ እንደማይወጣ ነገራት። ምክንያቱን ስትጠይቀው ቤት ስመጣ አላት።

ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ፓምፕ ነው። አለቃው ዝርዝሩን አይቶ እንደወሰነው፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቆሞ ይከፈታል። የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ነው፤ እሱ ከጎን ቆሞ የትኛውን ቡሎን መጀመሪያ እንደሚፈታ ያሳያል።